የዴልበርት ወንበርና የታደሰው ሽጉጥ

ሮስኮ እህቱ ቤት የመጣው ለአንድ ሳምንት ነበር። የራሱ ቤት ጣራ እስኪጠገን ነው የተባለው። ጣራው በግንቦት ተጠገነ። ሮስኮ ግን በነሐሴም እዚያው ሳሎን፣ የዴልበርት ወንበር ላይ ተንጋሎ ቤዝቦል ያያል። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ የሁለተኛው ብር፣ የሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ሮስኮ ዝጓል።

የቤቱ ባለቤት ዴልበርት ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው፤ ሰው መቆጣት አያውቅበትም። ወንበሩን ሲቀማ ኩሽና ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ኦፓልም ወንድሟን ሂድ አትለውም።

«የእናቴን ልጅ ከቤት አባረረች ልባል?» ትላለች። ይህን ብላ የፖም ፓይ ትቆርስለታለች፤ ያውም ትልቁን።

ዴልበርት የተጽናናው በሽጉጥ ነው። ከሃርላን ሱቅ የሰው እጅ ያየ አሮጌ ሽጉጥ ገዛ። ሃርላን መሣሪያ ጠጋኝ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ያለው የተኩስ መለማመጃ ሜዳም የሱ ነው። ዴልበርት ሽጉጡን በአዘቦት ወገቡ ላይ ሊታጠቀው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሊዝናናበት አሰበ። መጀመሪያ ታጥቆት ሲወጣ ኦፓል ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዳቦ ልትገዛ ነው ወይስ ዳቦ ቤቱን ልትወር?»

ችግሩ፣ ሽጉጡ አይመታም። ዴልበርት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በተኮሰ ቁጥር ጥይቱ ከዒላማው ጀርባ ያለውን የአፈር ክምር ያርሰዋል እንጂ ወረቀቱን አይነካም።

«ካረስከው አይቀር በቆሎ ዝራበት» አለው አብሮት ሊተኩስ የመጣው ሮስኮ።

ዴልበርት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ተቆጣ። «ላሳድሰው ብቻ! እዚሁ ሜዳ ላይ በሚደረገው የጥቅምቱ የተኩስ ግጥሚያ ባልበልጥህ!»

«ከበለጥከኝ በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ውልቅ እላለሁ። ከበለጥኩህ ግን እስከ ፋሲካ ነኝ። ወንበሩም የኔ ነው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሃርላን ምስክር ሆነ።

ያን ማታ ኦፓል ከመሳቢያ ውስጥ የአባቷን አሮጌ ስድስት ጎራሽ አወጣች። «እኔም ከእንግዲህ ቅዳሜ አብሬያችሁ ነኝ። ብቻዬን ቤት ተጎልቼ ምን ልሠራ?»

ሮስኮ ሳቁ ፈነዳ። «አባባ ተኩስ ያስተማረው እኮ እኔን ነው። አንቺን ዶሮ ጠባቂ ነበር ያደረገሽ!»

«አዎ» አለች ኦፓል። «አንድም ጫጩት ጭልፊት አልወሰደብኝም።»

«በወሬ አባረሻቸው ነዋ!»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃርላን የድሮውን ማነጣጠሪያ አንስቶ ደማቅ ነጥብ ያለው አዲስ ገጠመ። ሦስቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሮስኮ፣ ቀጥሎ ዴልበርት፣ ዳር ላይ ኦፓል። «ተኩሱ!» ሲባል እኩል አንባረቁት። የዴልበርት ወረቀት ላይ ሁለት ቀዳዳ ተገኘ። ሽጉጡን ሊስመው ምንም አልቀረው። የኦፓል ወረቀት ግን እንደ ታጠበ አንሶላ ነጭ ነበር፤ ሮስኮ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ ምላጩ ለሰለሰ፤ ቀዳዳው አራት ሆነ። ሞላው ተቀየረ፣ ከዋልነት እንጨት የተሠራ እጀታ ገባለት፤ ጥይቱ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ተሰበሰበ። ዴልበርት ሽጉጡን ማታ ማታ ይወለውላል፣ የቆዳ አፎቱን ቅባት ይቀባል፣ ያፏጫል። ኦፓል በየሳምንቱ አንድም ሳትመታ ትመለሳለች፤ ግን መቅረትን እምቢ አለች።

አንድ ቅዳሜ፣ ዴልበርት ስድስት ጥይት ብቻ ተኩሶ ሳለ ወረቀቱ ላይ ሰባት ቀዳዳ ተቆጠረ።

«ጥሩ ሽጉጥ ምርቃትም አለው» አለ ዴልበርት።

«የምን ምርቃት! ሃርላን ነው!» ሮስኮ ጮኸ። «ዕቃ ሊሸጥልህ ወረቀቱን በእርሳስ እየወጋ ነው!»

ሃርላን በእናቱ አጥንት ማለ። የሰማው የለም።

ቤት ሲገቡ ሮስኮ ጉዳዩን ለእህቱ አነሳ። «ሳይሆን አይቀርም» አለች ኦፓል፣ ፓይ እየቆረሰች። «እንግዲያ በግጥሚያው ቀን ወረቀቱን ራስህ ስቀል፣ ራስህ አውርድ።»

«ሽጉጥም እንለዋወጣለን! ያን የተኳኳለ ሽጉጡን እኔ እይዘዋለሁ!»

ዴልበርት ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ኩሽና ውስጥ ሚስቱን ያዛት። «ምን አደረግኩሽ? ለምን መከርሽው? ያለ ሽጉጤ እኔ ምን አለኝ?»

«ወንድሜ ነው፤ ምን ልበለው?» አለች። «አንተ ብቻ ቆመህ ተኩስ።»

የግጥሚያው ቀን የሰፈሩ ሰው ወጣ። ሮስኮ ሦስቱንም ወረቀት በእጁ ሰቀለ። ሃርላን እጁን ኪሱ ከቶ እንዲቆም ተደረገ። ሮስኮና ዴልበርት ሽጉጥ ተለዋወጡ። ሦስቱም እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ቆመው እኩል አንባረቁት፤ ዴልበርት በሮስኮ ሽጉጥ ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰ።

ሮስኮ ሄዶ ወረቀቶቹን አወረደ። የሱ አምስቱ ጥቁሩ ውስጥ፣ አንዷ ጠርዝ ላይ ናት። የዴልበርት ስድስቱም መሐል ላይ፣ በአንድ ሳንቲም የሚሸፈኑ ነበሩ። ሮስኮ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አንስቶ ደጋግሞ አየው። ከሱ በቀር የነካው የለም።

«ለካ ሽጉጡ አልነበረም» አለ ዴልበርት፣ ደረቱን ነፍቶ። «ለካ እኔ ነኝ!»

በማግስቱ ሮስኮ ሻንጣውን ፒክአፑ ላይ ጫነ። ኦፓል በር ላይ አቅፋው አለቀሰች፤ እውነተኛ እንባ ነበር። ዴልበርት ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ተኛ።

ኦፓል የተረፈውን ፓይ ይዛ ሃርላን ሱቅ ሄደች። ሃርላን ከትናንት የቀረውን ወረቀቷን፣ አንድ ቀዳዳ የሌለበትን፣ አጥፎ ሰጣት።

«ይሄ ለከርሞም ያገለግልሻል» አላት። «እንዲያው ኦፓል፣ ያ ሁሉ ጥይትሽ የት ነው የገባው?»

«አንዱም አልባከነም» አለች ኦፓል። «ወንድሜን ቤቱ አድርሶታል።»