የተነካው በርሜል

አማቷ ሙሴ ፊሊበር ከሰባተኛው በርሜል የቀዱትን ቢጫ ወይን ወደ ሻማው ሲያስጠጉ ኦዲል ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። ደጅ የየካቲት በረዶ ይጥላል፤ እሷን ግን አላባት። በዚህ በዡራ አውራጃ ይህ ወይን ስድስት ዓመት ከሦስት ወር አይነካም፤ ቢጎድልም፣ ፊቱን የጋረደው ስስ የእርሾ ሽፋን እንዳይቀደድ፣ አይሞላም። በጎረቤቱ የወይን አገር በቡርጎኝ ያደገችው ኦዲል ግን፣ እዚያ የጎደለን በርሜል ቶሎ መሙላት ደንብ ነውና፣ በሙሽርነቷ ሰሞን ይህን አንዱን እስከ አፍ ገደፉ ሞልታው ነበር። ስህተቷ ሲገባት ከምድር ቤቱ በርራ ወጣች፤ የሞላችበት፣ ከእናቷ ቤት ያመጣችው የመዳብ ማንቆርቆሪያም በዚያው ጠፋ። ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለች።

ሽማግሌው ጎንጨት አድርገው በምላሳቸው አንከባለሉት።

«ሌሎቹን ስድስቱን ውሃ አስመሰላቸው እኮ። እስቲ ቅመሺው።»

ቀመሰችው። የተቆላ ለውዝ፣ የከረመ አይብ፣ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ አፏ ውስጥ ተከታትለው ሲመጡባት ሳታስበው ሳቋ አመለጣት።

«ምን ቢያገኘው ነው አባባ?» አለች፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

ሙሴ ፊሊበር እጃቸውን ከበርሜሉ ጀርባ ሰደዱና የመዳቡን ማንቆርቆሪያ አወጡ። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው አስጨበጧት።

«በይ፣ የዘንድሮውን ደግሞ ሳትደበቂ ሙዪልኝ።»