አስካለች በቴሌቪዥን

አስካለች የጠፋች ልጇን ፍለጋ አዲስ አበባ መጥታ ወንዝ ዳር ላስቲክ ወጥራ ስትኖር፣ ስለ ድህነት ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መጡ። አልቀረጽም አለች።

«ልጅዎን ይጥሯታ፣ እማማ! አገር ሙሉ ይሰማዎታል» አላት ልጇን እንደምትፈልግ የሰማው ጋዜጠኛቸው።

እሺ ብላ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። የልጇን ስም፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ የጎረቤቷን ስልክ ሳይቀር ተናገረች። «ሸዋርካብሽ፣ አልተቆጣሁም፤ ብቻ ነይልኝ» ብላ አለቀሰች።

ፊልሙ የሚተላለፍ ቀን ጎረቤቶቿ ሻይ ቤት ይዘዋት ሄዱ። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እንባዋ ይወርዳል። የሚሰማው ግን ዋሽንት ነው፤ አንድ ጎርናና ድምፅም «እኚህ እናት የሚበሉት የላቸውም» እያለ ይተርካል።

«ድምፁን ጨምሩልኝ፣ በእናታችሁ!» አለች።

ባለ ሻይ ቤቱ እስከ መጨረሻው ጨመረው። ዋሽንቱ ቤቱን ሞላው።