ስኳር ውስጥ የተራቡት

ሽማግሌው ተመራማሪ ጡረታ ከወጣ በኋላም ቤተ ሙከራውን አልተወም። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ክንዱን ይዛ እስከ በሩ ታደርሰዋለች፤ ሥራ ሲያበቃ መጥታ ትወስደዋለች። ማንም ለምን መጣህ አይለውም። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የሱ ናት።

የሚጠብቀው የሴት ልጁን እርሾ ነው። ይህን ዘር ያዘጋጀችው እሷ ናት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ። ጤነኛ የእርሾ ሴል ቆዳው ላይ ስኳርን የሚለይ ፕሮቲን አለው፤ ስኳር ሲነካው ወሬውን ወደ ውስጥ ያቀብላል፣ ሴሉም ለስኳሩ መግቢያ በር ያበጃል። በዚህ ዘር ላይ ግን ወሬ አቀባዩ ተበላሽቷል። ስኳሩ ዙሪያውን ሞልቶ ሴሉ ይራባል።

ልጁ እንደሞተች ማንም አልነገረውም። ራሱ ነው የደረሰበት። ቤት ውስጥ «አባዬ» የሚለው ጠፋ፤ የት ሄደች ብሎ ሚስቱን ሲጠይቃት ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ከዚህ በላይ ምን መርዶ ያስፈልጋል? ወገቡ ተቆረጠ። መጠየቁንም ተወ።

ፉጨቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከማቀዝቀዣው ክፍል ይሰማል፤ ዝግ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር። ልጁ የወተት ጥርሷ ሲወልቅ በክፍተቱ እንድታፏጭ እሱ ያስተማራት ዜማ ነው። ሲሰማው ተነስቶ በሩን ሲከፍት የሚያገኘው የቤተ ሙከራውን ሠራተኛ ነው፣ ብልቃጥ ይዛ ቆማ።

«ሌላ ሰው አለ እዚህ?»

«እኔ ብቻ ነኝ ጋሼ። ይውጡ፣ ይበርድዎታል።»

ሠራተኛዋን ይጠረጥራት ጀመር። ሻዩን ሳትጠይቀው ልክ እንደሚወደው አድርጋ ታመጣለታለች። ኮቱ ሲያስቸግረው እጅጌውን ትይዝለታለች። ሰው ያለ ነገር እንዲህ አይለማመጥም፤ የሟችን ፉጨት አጥንታ ልታሳብደኝ ነው፣ አለ በልቡ። አንድ ቀን ኮቴውን አጥፍቶ ሄደና ስታፏጭ ደረሰባት።

«ልጄን ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«በሷ ነው የምትቀልጂብኝ?»

ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። «አልቀለድኩም ጋሼ። ሳላስበው አፌ ላይ መጥቶ ነው።»

«ሁለተኛ እንዳትደግሚው። የሷ ነው። ከሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች። ቀጥላም፣ «በጣም ይወዷት ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«ነግሬያት አላውቅም» አለ።

ሚስቱ መጣች። ሠራተኛዋ ኮቱን አለበሰችውና አንድ በአንድ ቆለፈችለት። እሱ ቀድሞ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ዘገየች።

«እማዬ» አለቻት ሠራተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬን ነገም አምጪልኝ።»