ራጅ የለበሰው ጎማ

«ያምናውስ ፊልም?» ይላል ዶክተር ከፈለኝ፣ አዲሱን ራጅ በመስኮቱ ብርሃን እያየ። «እዚህ ቀኝ ሳንባዎ ላይ አንዲት ነጥብ አለች፣ ጋሽ ኸይረዲን። አምናም ከነበረች የድሮ ጠባሳ ናት፤ ይርሷት። ካልነበረች ግን ጅማ ልልክዎት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አለብኝ።»

ለምያ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ከብስክሌት ልምምድ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሺሺንዳ መንገድ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ረጭቷታል። ያምናው ፊልም ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ በቆመው ብስክሌቷ የኋላ ጎማ ላይ፣ ተቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ተጣብቋል።

«ቤት ፈልጌ አጣሁት» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሐሳቡን ያገኘችው ከስልክ ነው። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ሲሽቀዳደሙ የኋላ ጎማቸው እንደ ትሪ ድፍን ነው፤ ንፋስ በሽቦዎቹ መሀል እየገባ አይጎትታቸውም። በካርቶን ሞከረችው፤ የቦንጋ ዝናብ በመጀመሪያው ቀን አሟሟው። ከዚያ ራጅ ትዝ አላት። ቀላል ነው፣ አይታጠፍም፣ ውሃ አይፈራም። የእትዬ በዛወርቅን የጉልበት ራጅ ለምና ወሰደች። የጎረቤታቸውን የጉግሳን የተሰበረ ክንድም ለምና ወሰደች። አልበቃትም። የአባቷን ደረት ግን አልለመነችም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ መዘዘችና በራሱ የጨርቅ ሱቅ መቀስ ለሁለት ከፈለችው። «ድኖ የለ» ብላ።

የከተማው ጎረምሶች ስታልፍ «አክንባሎዋን ገጥማ መጣች» ይሏታል። ይሳቁ። ጎማው እንደሚያግዛት በእግሯ ታውቀዋለች፤ ውድድሩ ደግሞ እሑድ ነው።

«ይሄ እኮ እንደ አሮጌ ጋዜጣ የሚጣል ነገር አይደለም» ይላል ዶክተሩ። ወደ አባቷ ነው የሚያየው። «አምና አስጠንቅቄዎት ነበር። ያስቀምጡት ብዬ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል አባቷ። «ሱቁን ሳድስ ከካርቶን ጋር ወጥቶ ይሆናል። እርጅና ነው ዶክተር። ሰው ራሱንም የሆነ ቦታ ረስቶ ይገባል።» ሊስቅ ሲል ሳሉ ይቀድመዋል፤ መሐረቡን አፉ ላይ ይይዛል።

ሱቁ ታድሶ አያውቅም።

ለምያ የጣቶቿን ጭቃ ትፈገፍጋለች። ጅማ ይሂድ፣ እዚያ የተሻለ መሣሪያ አለ፣ ብላ ታስባለች። ቀጥሎ የመጣላት ሐሳብ እሑድ ነው። ያሰበችውን ስታውቀው ፊቷ ይግላል። ብድግ ብላ ትወጣለች።

ብስክሌቱን ገልብጣ የኋላውን ጎማ ትፈታለች። ታቅፋው ስትመለስ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እግራቸውን ይሰበስቡላታል።

«እዚህ ጎማም ያክማሉ እንዴ?» ትላለች አንዷ።

«ተንፍሶባት ነዋ» ይላል ሌላው። አግዳሚው በሙሉ ይስቃል።

ጎማውን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ይኸው። ያምናው ፊልም።» አባቷን ላለማየት መሬት መሬቱን ታያለች።

«ስሜን ግን አልቆረጥሽውም» ይላል አባቷ፣ ቀስ ብሎ።

ከጠርዙ ላይ ስሙ በፈረንጅ ፊደል፣ ነጭ ሆኖ ተጽፏል። የትልልቆቹ ጎማ ላይ እንደሚለጠፈው የፋብሪካ ስም እንዲመስልላት ነበር የተወችው።

«አይተኸው ነበር፣ አባ?»

«መጀመሪያ የገጠምሽው ቀን፣ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ። ከጎኔ ላለው ባለሱቅ ለአስናቀም አሳይቼዋለሁ። የኛዋ ልጅ ስሜን ለጥፋ ነው የምትሮጠው ብዬ።»

በጥፊ ቢላት ይቀላት ነበር።

ዶክተር ከፈለኝ አይስቅም። ጎማውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ይዞት ይሄዳል። የሸፈነችው አንዱን ወገን ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ያልፋል። ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ጎማው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የእትዬ በዛወርቅ ጉልበት ያልፋል። የጉግሳ ክንድ ያልፋል። ከዚያ የአባቷ ጎድን ከሽቦዎቹ ጋር ተደራርቦ ይመጣል፤ መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። ዶክተሩ እዚያ ላይ ያቆመዋል። አዲሱን ያያል፣ ጎማውን ያያል፣ ደግሞ አዲሱን።

ለምያም ታያለች። ነጥቧ ባለችበት ቦታ፣ ያምናው ላይ ምንም የለም። ጥቁርና ንጹሕ ነው።

«ሳሉ የጀመረዎት መቼ ነው፣ ጋሽ ኸይረዲን?» ድምፁ ውስጥ የቅድሙ ቁጣ የለም። ለምያ ቁጣው እንዲመለስ ትመኛለች።

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞር ይላል። ዓይኑ ጎማው ላይ ነው።

«ዶክተር፣ እስቲ አንዴ ይሽከርከር። እኔ የማየው በሱቁ በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ብርሃን ላይ አይቼው አላውቅም።»

ዶክተሩ ያመነታል። ከዚያ ጎማውን በመሀል ብረቱ በሁለት እጁ ይዞ መስኮቱ ፊት ይዘረጋዋል። ለምያ በጭቃማ እጇ ትመታዋለች። ጉልበቱ፣ ክንዱ፣ ጎድኑ፣ ስሙ ይቀላቀላሉ። የማን ምን እንደሆነ አይለይም፤ ብርሃን ያረፈበት አንድ ድፍን ግራጫ ክብ ብቻ ይቀራል።

«አየህ ፍጥነቱን» ይላል አባቷ ዶክተሩን፣ አንቱታውን ረስቶ።

ጎማው መዘግየት ሲጀምር፣ ጎድኑ ተለይቶ ከመታየቱ በፊት፣ ለምያ ደግማ ትመታዋለች።