ቢጫዋ የበር መብራት

መንግሥት የጉበት ቫይረስ በስንቱ ሰው ደም ውስጥ እንዳለ ልወቅ ብሎ በየበሩ መብራት ከሰቀለ ወዲህ የወይዘሮ ወርቅያንሱ ቤት ቢጫ ነው። ቫይረሱስ በመድኃኒት ከጠፋላቸው ቆይቷል፤ መብራቱ ግን የዳነውንም ሕመም ይቆጥራል። አረንጓዴ የሚሆነው እሳቸው ከቤት ሲወጡ ብቻ ነው።

ዛሬ ያሳደጓትን የልጅ ልጃቸውን፣ ሀሴትን ለትዳር ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። «በእኔ ደም ልጅቷ ቆማ ትቅር?» አሉና ነጠላቸውን ደርበው፣ ለማንም ሳይናገሩ ጎረቤት ደጃፍ ሄደው ተቀመጡ። መብራቱ ሲለወጥ፣ የሀሴት አጎትም ሽማግሌዎቹን ሲያስገባ ከዚያ ሆነው አዩ። ጉልበታቸውን እያሻሹ ጠበቁ።

ብዙም ሳይቆይ ሀሴት እየሮጠች መጣች።

«እቴቴ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

«ተይኝ ልጄ፤ ይጨርሱና እገባለሁ።»

«የቤቱ ታላቅ ሳይኖር አንናገርም ብለው ተገትረዋል እኮ!»

እጃቸውን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻቸው። የበሩን ደፍ ሲሻገሩ መብራቱ ቢጫ ሆነ። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ በሞቴ» አሉ በደከመ ድምፅ።

«መልስ ሳናገኝማ አንቀመጥም» አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ ገላግሌ። «ይልቅ ቢጫ የምናውቀው ቤት አረንጓዴ ሆኖ ብናየው፣ አርፈው ይሆን እንዴ ብለን ደነገጥን። የእኛም ቤት እኮ ቢጫ ነው።»

ወይዘሮ ወርቅያንሱ ቀና አሉ።

«እንግዲያ እናንተ ቁሙ» አሉ ወንበር እየሳቡ፤ «እኔ ግን ደክሞኛል።»