ክዳኑ ሳይዘጋ

ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛው ስር አጎንብሳ ገመዱን ታየዋለች። በወንበሩ ጎን ተንጠልጥሏል። ጫፉ ግድግዳው ላይ፣ የሰውነትን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ከሚያወርደው ሽቦ ጋር ተሰክቶ መገኘት ነበረበት።

ገመዱ የባሏ ነው። ሌላኛው ጫፍ የእጁ አንጓ ላይ ካጠለቀው ማሰሪያ ጋር እንደተያያዘ ነው። እሱ ማይክሮስኮፑን በጨርቅ እየወለወለ ያንጎራጉራል።

ቀና ስትል ጉልበቷ ይንቋቋል።

"እትዬ፣ ይፈርሙልኝ እንጂ!" ይላል ክዳን የሚያሽገው ሰው። "ሟቾቼ ተሰልፈው እየጠበቁኝ ነው!" ሁሉም ቀባሪው ይሉታል፤ እሱ የዘጋው ሳጥን ዳግመኛ አይከፈትምና።

ትሪው ላይ ስድስት የሬዲዮ ማጉያዎች ክዳናቸው ሳይደፋ ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጡም። ባሕር መሃል፣ ድንጋይ ላይ የቆመ ጣቢያ ውስጥ ይገባሉ፤ ሊሰጥም ያለ ጀልባ ሲጣራ ደካማውን ድምፅ አጉልተው ወደብ ድረስ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ማዕበሉ ከገባ ግማሽ ዓመት ሙሉ እዚያ ድንጋይ ላይ የሚደርስ ሰው የለም። ሳምንቱን በሙቀት ተፈትነው አልፈዋል። ለዛሬ የቀረው ባሏ ሽቦዎቻቸውን አንድ በአንድ እንዲያስተካክልና ክዳኑ እንዲዘጋ ብቻ ነበር።

መሐንዲሱ በሩ ጋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ውጭ የቆመው መኪና ሞተሩ አልጠፋም።

የመፈተሻ ወረቀቱን ታነሳለች። ማንም ሠራተኛ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ማሰሪያውን በመለኪያ ሞክሮ ሰዓቱን ይጽፋል። ባሏ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጽፏል። ከእረፍት በኋላ ያለው መስመር ባዶ ነው።

"ከእረፍት ሲመለሱ ማሰሪያዎን ሞክረዋል?" ትለዋለች። ሥራ ቦታ አንቱ ይባባላሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው እየሳቀባቸው።

ማንጎራጎሩን ያቆማል። "ምነው?"

"መስመሩ ባዶ ነው። ገመዱም ተነቅሏል።"

ቀባሪው ጓንቱን እየሳበ ዞር ይላል።

"አሁን ልነሳ ስል ተነቅሎ ይሆናል" ይላል ባሏ። "መጻፉን ረስቼው ነው።"

መሐንዲሱ ይጠጋል። "ችግሩ ምንድን ነው? ዛሬም እንደገና ተለክተዋል፤ ስድስቱም አልፈዋል። እኔው ራሴ ነኝ የለካኋቸው።"

"አልፈዋል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እርስዎ ያውቃሉ። ንድፉ የእርስዎ አይደል?"

ያውቃል። ሹራብ ሲወልቅ ከሚንጣጣው እጅግ ያነሰ፣ ጣት እንኳ የማይሰማው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ማጉያው ውስጥ ያለውን ቺፕ ሊበሳው ይችላል። የተበሳ ቺፕ ዛሬ ይሠራል፤ ነገም ይሠራል። በስንተኛው ወር እንደሚሞት የሚናገር መለኪያ የለም።

"እህቴ" ይላል መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰውየው ረስቼው ነው ብሏል። ምን ቀረ?"

ደንቡን ባሏም ፈርሞበታል። ገመዱን ሳይሰካ ቺፕ የነካ ሰው ጠረጴዛውን ይለቃል፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርዶ ካርቶን ያሽጋል። ለጡረታው አራት ዓመት ቀርቶታል። ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ እንደ እሱ አድርጎ የሚያቃና በዚህ ቤት ሌላ የለም፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም አይደብቅም።

በእረፍቱ ሰዓት ኮሪደር ላይ ያቆመችው እሷ ናት። "እናትህ እኛ ጋ የሚገቡ ከሆነ እኔ እወጣለሁ" ያለችው እሷ ናት። ጆሮው ቀልቶ፣ ሻይውን ሳይጨርስ ትቷት ገባ። አሁን ያንን ቢያነሳ ማን ይፈርድበታል? አያነሳም።

"ከእረፍት በኋላ ስንቱን ነኩ?" ትላለች።

"ሦስቱን።"

"ገመዱ ተሰክቶ ነበር?"

አዎ ካለ ትፈርማለች። ቃሉ ይመዘገባል፤ ከዚያ አልፋ የምትጠይቅበት ሥልጣን የላትም። አዎ እንዲላት ትመኛለች። መመኘቷን ስታውቀው ፊቷ ይግላል።

ባሏ ወደ ግድግዳው ያያል፤ ከዚያ ወደ እጆቹ። ጨርቁን አጥፎ ያስቀምጣል።

"ተናድጄ ነበር የተቀመጥኩት። መሰካቴን አላስታውስም።"

"አላስታውስም ማለት እኮ..." ይጀምራል መሐንዲሱ።

"አልሰካሁም ማለት ነው" ይላል ባሏ። "ቀባሪው፣ ከአራት እስከ ስድስት ያሉትን አንሳቸው።"

ቀባሪው ሦስቱን አንድ በአንድ አንስቶ ውድቅ ዕቃ የሚቀመጥበት ቀይ ትሪ ላይ ያኖራቸዋል። "እነዚህን እንኳ አልገንዛቸውም" ይላል። ማንም አይስቅም። በቀሩት ሦስቱ ላይ ትፈርምለታለች፤ ይዟቸው ወደ ማሽኑ ይሄዳል። መሐንዲሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲወጣ ድምፁ ከኮሪደሩ ይመጣል፦ "ሦስት ብቻ... አዎ፣ ያለ መጠባበቂያ... እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?"

ተቀምጣ የጥፋት ቅጹን ታወጣለች። ባሏ መጥቶ አጠገቧ ይቆማል።

"ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?"

"ረስቶ ነው ብለሽ ጻፊ።"

"እኔ እኮ ኮሪደሩ ላይ..."

"ረስቶ ነው በይ።"

ትጽፋለች። የቀረው የሠራተኛው ስም ነው። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ፊደል በፊደል ትጀምራለች፤ ወረቀቱ ግን በልሙጡ ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተትባታል። ባሏ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይይዝላታል።