ተራ መስታወት

አቶ ሌሼክ ሻማውን ለኩሰው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። «እስቲ ቁጠሪ» አሏት ኪንጋን። «መስታወቱ ውስጥ ስንት ነበልባል ይታይሻል?»

«አራት» አለች ኪንጋ፣ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንዳቀፈች። ሕፃኑን ከገና ወዲህ ሳል አልለቀቀውም።

«ቀለማቸውስ?»

«ያው ነው። ሁሉም ቢጫ።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ግራዥና ፊቷ ሲግል ታወቃት። ከሩብ ሰዓት በፊት አቶ ሌሼክ በዚያው ሻማ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የእሷን መስኮት ፈትሸው ነበር። መስታወቱ ድርብ ስለሆነ እዚያም ነበልባሉ አራት ነው፤ አንደኛው ግን ቀላ ብሎ ይታያል። ሙቀት የሚይዝ ቅብ ያለው መስታወት እንዲህ ነው ብለዋታል። ቅብ የሌለው ተራ ነው።

ኦልሽቲን ከተማ ባለው በዚህ ሕንፃ የሚኖሩት ስምንት አባወራዎች አሮጌ መስኮታቸውን ሙቀት በሚይዝ መስታወት ለማስቀየር ሲስማሙ፣ አቅራቢ እንድትመርጥ የወከሉት እሷን ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች፣ ሰው የሚያምናት ሴት ናት። ዕድሜያቸውን መስታወት ሲገጥሙ የኖሩት አቶ ሌሼክ በስብሰባው ላይ፣ «አቅራቢው ከሁለት ክረምት በፊት የገጠመላቸውን ሰዎች ጠይቁ። የመስታወቱን ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት ሳታዩ እንዳትፈርሙ» ብለው ነበር። እሷ ግን የድሮ ተማሪዋን ራዴክን መረጠች። እጇን ስሞ «መምህርቴ» ሲላት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አቶ ሌሼክንም በሰው ፊት፣ «ሥራው ለእርስዎ ስላልተሰጠ ነው የከፋዎት» አለቻቸው። ሽማግሌው ቆባቸውን አንስተው ወጡ።

ብርዱ ሲገባ ጎረቤቶቿ ቤቱ አልሞቅ አለን አሉ። «መዝጋት አታውቁበትም እንጂ የእኔማ እንደ ምድጃ ነው» ትላቸው ነበር። ለኪንጋማ፣ መስኮት እየከፈትሽ ልጅሽን የምታሳምሚው ራስሽ ነሽ ብላታለች።

«እና ምን ማለት ነው?» አለች ኪንጋ።

አቶ ሌሼክ ሻማውን እፍ አሉትና ግራዥናን አዩ። ፋብሪካው ተሳስቶ ይሆናል የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«ራዴክ የገጠመላችሁ ተራ መስታወት ነው» አለች። «ደህናው የእኔ ብቻ ነው። እንዲህ ማድረጉን አላወቅሁም፤ ግን አልጠየቅሁም። ልጁን ያሳመምሽው አንቺ አይደለሽም።»

ኪንጋ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። «የእርስዎ ብቻ?»

«የእኔ ብቻ። እስኪቀየር ድረስ ልጁን ይዘሽ እኔ ጋ ነይ፤ እዚያ ተኙ።»

«ቤታችን ይሻለናል፣ እትዬ ግራዥና» አለች ኪንጋ ድምፅዋን ሳታነሳ። እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ቀስ ብላ ዘጋችው።

ግራዥና ደረጃው ላይ ቆመች። «አቶ ሌሼክ፣ ያን ዕለት ያልኩዎት...»

«እሱን ይተዉት።»

«ወደ ሌሎቹ ቤቶች አብረውኝ ይሄዳሉ?» አለቻቸው፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

«ሻማውን እይዝልዎታለሁ። የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

የሚቀጥለውን በር አንኳኳች። «ማነው?» አለ ከውስጥ ድምፅ።

«ግራዥና ነኝ» አለች። «ስለ መስኮቶቹ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አለ።»